ሹፌሩ ስልክ ይዞ ተቀጣ፤ ደዋዩስ?

ከደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ጭኖ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያደርስ ሹፌር በአንድ ጉዞ ሦስት ሕግ ያቋርጣል። ሲነሳ ቨርጂኒያ ነው። 66 ሃይዌይን ይዞ የሩዝቬልትን ድልድይ ሲሻገር ዋሽንግተን ዲሲ ይገባል። 16ኛውን ጎዳና ወደ ላይ ይዞት ሲጨርስ ደግሞ ሜሪላንድ ነው። ስልኩን በእጁ ይዞ ቢገኝ የሚከፍለው እንደየድንበሩ ይለያያል።

እዚህ አካባቢ ስንቱ ሐበሻ በመኪና መሪ እንደሚተዳደር ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ታክሲ የሚነዳ አለ። አፕ ላይ የሚሠራ አለ። ሊሞ የሚያንቀሳቅስ፣ ዕቃ የሚያደርስ፣ ትልቁን መኪና ይዞ ከስቴት ስቴት የሚያቋርጥ አለ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ለእኛ የጉሮሮ ጉዳይ ነው።

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ቨርጂኒያ ላይ ቲኬት ተቆርጦበት ተበሳጭቶ አገኘሁት። «አላወራሁም፣ ቴክስት አላደረግኩም፣ ካርታ ነው ያየሁት!» ይላል። አምነዋለሁ። ግን ይሄ ክርክር ጊዜው አልፎበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከ2021 በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ በዋናነት የተከለከለው ቴክስትና ኢሜይል መጻፍና ማንበብ ነበር። ፖሊስ አስቁሞህ «ቁጥር እየደወልኩ ነበር» ካልከው፣ እየጻፍክ እንደነበር ማስረዳት የእሱ ፈንታ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን መኪናው እየሄደ ስልክ በእጅ መያዝ ራሱ ጥፋት ሆነ። ምን እያደረግክበት እንደነበር አትጠየቅም። መጀመሪያ ከሆነ 125 ዶላር፣ ከደገምክ 250። መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ባሉበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ገና በመጀመሪያው 250 ነው።

ዲሲ ቀድማ ነበር። የእሷ ሕግ የወጣው በ2004 ነው፤ ቅጣቱም 100 ዶላር። በዚያ ሕግ ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ አንድ አንቀጽ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ስልክ ሳይዝ የሚያናግር መሣሪያ ገዝቶ ማስረጃ ካቀረበ ቅጣቱ ይነሳለት ነበር። ያኔ መፍትሔ ተብሎ የታሰበው ይሄ ነው። እጅህን ነፃ አድርግ፣ ከዚያ እንደልብህ አውራ። ያ ሐሳብ ትልቅ ክፍተት እንዳለው ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ስልክ መያዝን ብቻውን ለማስቆም በቂ ምክንያት አድርጋዋለች። ከዚያ በፊት ፖሊስ ሌላ ጥፋት ማየት ነበረበት። የመጀመሪያው 83 ዶላር፣ ሁለተኛው 140፣ ሦስተኛው 160 ነው። ቴክስት ላይ ደግሞ ትጠነክራለች። ቀይ መብራት ላይ ቆመህ ብታነብም መንገዱ ላይ እስካለህ ድረስ እየነዳህ እንደሆነ ይቆጠራል። ሰው የጎዳ ወይም የገደለ ደግሞ በጄክ ሕግ ይጠየቃል። ጄክ በ2011 መጨረሻ ባልቲሞር ውስጥ በመኪና አደጋ የሞተ የ5 ዓመት ልጅ ነው። የገጫቸው ሹፌር ስልክ ላይ ነበር። ቤተሰቡ ለፍቶ ለፍቶ በ2014 እስር የሚያስከትል ሕግ እንዲወጣ አደረገ። እንዲህ ያሉ ሕጎች ብዙ ጊዜ የሰው ስም የሚይዙት ለዚህ ነው። አንድ እናትና አባት ሐዘናቸውን ይዘው ምክር ቤት ደጃፍ ይቆማሉ።

የሕጉን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስታየው ስልክን ከኋላ እየተከተለ ሲሮጥ ነው የምታገኘው። ኒው ዮርክ በ2001 ከስቴቶች ሁሉ ቀድማ ስትከለክል ስልክ ማለት ጆሮ ላይ አድርጎ ማውራት ነበር። ከዚያ ቴክስት መጣ፤ ቴክስት ተከለከለ። ከዚያ ካርታው፣ ካሜራው፣ ቪዲዮው መጣ። እንግሊዝ ከ2003 ጀምሮ በእጅ መያዝን ከልክላ ነበር፤ ግን ሕጉ የተጻፈው ስልክን ለመገናኛ ስለመጠቀም ነው። አንድ ሰው እየነዳ የአደጋ ቦታ በስልኩ ሲቀርጽ ተያዘ። በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት «መቅረጽ መገናኘት አይደለም» ብሎ ነፃ መውጣቱን አጸናለት። ከማርች 2022 ጀምሮ ይሄ ቀዳዳ ተደፈነ፤ አሁን እየነዱ በእጅ ይዞ ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ይቻላል። ለንደን ያላችሁ ታውቁታላችሁ። 200 ፓውንድና መንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ 6 የቅጣት ነጥብ። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ 6 ነጥብ ማለት ፈቃዱን መነጠቅ ነው። ካሊፎርኒያም ውስጥ በ2025 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ካርታ ለማየት ስልክ በእጅ መያዝ የተከለከለ ነው ብሎ ወስኗል። ወዳጄ ይሄን ሲሰማ ትንሽ ተረጋጋ። ብቻውን አይደለም።

አንድ ስጋት ግን ሳልጠቅሰው አላልፍም። ስልክ መያዝ ብቻውን ማስቆሚያ ምክንያት ሲሆን፣ ፖሊስ ሊያስቆመው የፈለገውን ሰው ለማስቆም ሰበብ ይሆነዋል የሚሉ አሉ። ጥቁር ሆኖ፣ ስደተኛ ሆኖ እዚህ አገር የሚነዳ ሰው ይሄን ፍርሃት ከንቱ ነው ሊል አይችልም። እኔም አልልም። መልሴ አንድ ነው። ስልኩ መኪናው ውስጥ ያለው መስቀያ ላይ ካለ ሰበቡም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሕጉ እጅን ነው የሚያየው። አደጋው ግን ዓይንና ሐሳብ ላይም ነው።

በሰዓት 55 ማይል የሚሄድ መኪና በ5 ሰከንድ ውስጥ 120 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። አንድ መልዕክት ለማንበብ ዓይንህን ከመንገዱ ካነሳህ ያንን ሁሉ ርቀት ሳታይ ነው የምትሄደው። ይሄን ሁሉም ሰው ይረዳዋል። ለመረዳት የሚከብደው የሚቀጥለው ነው። ዓይንህ መንገዱ ላይ ሆኖ፣ ሁለት እጅህ መሪው ላይ ሆኖ፣ ሐሳብህ ግን ሌላ ቦታ ሲሆን። የዩታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ ይሄንን ለዓመታት አጥንተዋል። ሰዎችን መንዳት በሚያስመስል መሣሪያ ላይ አስቀምጠው በስልክ እንዲያወሩ አደረጉ። ስልኩ በእጅ አልተያዘም። የሰዎቹ ዓይን ፊት ለፊታቸው ባሉት ነገሮች ላይ አርፏል። በኋላ ሲጠየቁ ግን ካዩት ውስጥ ብዙውን አያስታውሱም። አይተው አላዩም።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላም ነገር አነጻጽረዋል። አጠገብህ ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራትና በስልክ ማውራት አንድ አይደለም። አጠገብህ ያለው ሰው መንገዱን ያያል። እግረኛ ሲገባ፣ መኪና ሲጠጋ፣ መውጫው ሲደርስ ዝም ይላል። አንዳንዴም «እዚያ ጋ መኪና አለ» ብሎ ያግዝሃል። ስልክ ውስጥ ያለው ሰው ግን ምንም አያይም። አንተ ሦስት መስመር ልታቋርጥ ስትል እሱ የጥያቄውን መልስ እየጠበቀ ነው። ዝም ስትል «ሃሎ? ሃሎ? ትሰማኛለህ?» ይልሃል።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2011 ስቴቶች ሁሉ በእጅ የማይያዘውንም ጭምር ለሹፌር እንዲከለክሉ መክሮ ነበር። ለዚህ ያበቃው በ2010 ሚዙሪ ውስጥ የደረሰ አደጋ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ፒካፕ እየነዳ በ11 ደቂቃ ውስጥ 11 መልዕክት ተለዋውጧል። ፊቱ ፍጥነት የቀነሰውን ከባድ መኪና ገጨው፤ ሁለት የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ደግሞ ከኋላ ተከትለው ገጩ። 2 ሰው ሞተ፣ 38 ሰው ቆሰለ። ሚዙሪ በዚያን ጊዜ ለዚህ ዕድሜ ወጣት ሹፌሮች ቴክስት ከልክላ ነበር። ሕጉ ነበረ። የቦርዱን ምክር ግን እስከ ዛሬ ለሁሉም ሹፌር የተቀበለ አንድም ስቴት የለም። በእጅ መያዝን የከለከሉት ከ30 ይበልጣሉ። በእጅ ሳይያዝ የሚወራበትን ብሉቱዝ የነካ የለም። (ብሉቱዝ ብዬ ካነሳሁ፦ ሁለቱንም ጆሮ ደፍኖ መንዳት በቨርጂኒያም በሜሪላንድም ክልክል ነው። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም።)

ስለዚያ ልጅ ሳስብ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። መልዕክት የሚለዋወጠው ከሰው ጋር ነው። በሌላኛው ጫፍ የነበሩት ሰዎች የት ነበሩ?

ይሄን ጥያቄ በቁም ነገር ያነሳ ፍርድ ቤት አለ። በ2009 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት እየነዳ መስመሩን ስቶ በሞተር ሳይክል የሚሄዱ ባልና ሚስት ላይ ወጣ። ሁለቱም አንድ አንድ እግራቸውን አጡ። ወጣቱ አደጋው ሊደርስ ሲል መልዕክት ደርሶት ነበር። ባልና ሚስቱ ሹፌሩን ብቻ ሳይሆን መልዕክቱን የላከችለትን የ17 ዓመት ጓደኛውንም ከሰሱ። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን በ2013 አልሳቀም። ላኪው፣ ተቀባዩ እየነዳ መሆኑንና እየነዳ እንደሚያነበው የሚያውቅ ከሆነ ወይም ለማወቅ የተለየ ምክንያት ካለው፣ እሱም ኃላፊነት አለበት አለ። ልጅቷ ያንን ማወቋን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ስላልነበረ ራሷ ተጠያቂ አልሆነችም። ነገሩ ግን ተጽፎ ቀረ።

ስለ ከባድ መኪና ሹፌሮችም ይሄው መንፈስ አለ። ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የንግድ ማመላለሻ ሹፌር ስልክ በእጁ መያዝ አይችልም። ሕጉ ሲወጣ ቅጣቱ ለሹፌሩ እስከ 2,750 ዶላር ነበር። እያወቀ ለሚፈቅድ ወይም ለሚያስገድድ አሠሪ ደግሞ እስከ 11,000 ዶላር። ደውሎ «የት ደረስክ?» የሚለው አለቃ ከሹፌሩ በላይ ይቀጣል ማለት ነው። ትክክል ነው እላለሁ። በአፕ ለምንሠራው ግን አለቃችን ራሱ ስልኩ ነው። አንዱን ተሳፋሪ ሳናወርድ የሚቀጥለው ጥሪ ይጮኻል። ለመቀበል ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ሕጉ ስልኩን እንዳንይዝ ይከለክለናል፣ ሥራው ደግሞ ዓይናችንን ከእሱ እንዳናነሳ ያስገድደናል። ይሄን ያመጡት ሰዎች በኒው ጀርሲው ፍርድ ዓይን ቢታዩ ምን እንደሚባሉ ባውቅ ደስ ይለኛል።

እኛ ግን ከአለቃም ከአፕም በላይ የሚደውልልን ሰው አለን። አገር ቤት።

በብርዱ ወራት እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ነግቶ 12 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ማታ እዚህ ገበያው የሚደራበት ሰዓት ነው፤ እዚያ እሑድ ነግቶ ሰው ለቅዳሴ ተነስቷል። ቤተሰብ ቡናውን አቅርቦ «እስቲ ያንን ልጅ እንስማው» የሚልበት ሰዓት፣ እኛ ጨለማ ውስጥ ሰው ጭነን የምንበርበት ሰዓት ነው። ኢሞ ይጮኻል፣ ዋትስአፕ ይጮኻል። ካላነሳህ ሁለት ነገር ይታሰባል። ወይ ንቀኸናል፣ ወይ አንድ ነገር ሆነሃል። ሁለተኛው ይብሳል፤ እናት ስትጨነቅ ደጋግማ ትደውላለች። ሹፌሩም ይሄን ስለሚያውቅ «ደህና ነኝ፣ እየነዳሁ ነው» ለማለት ብቻ ያነሳል። ከዚያ ያ አንድ ቃል ግማሽ ሰዓት ይሆናል። የቤት ኪራይ፣ የእህት ትምህርት፣ የአጎት ሕመም፣ የመሬቱ ጉዳይ። ሁሉም ከባድ ነገር ነው። አንዱም በሃይዌይ ላይ የሚሰማ አይደለም።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር በተመለከተ ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የራሳችን ወግ አለን። መርዶ እንዴት ነው የምንነግረው? በስልክ አንነግርም። ዘመድ ጓደኛ ይጠራራል። ማልደው ቤቱ ይሄዳሉ፣ ገና ሳይወጣ። እዚህ አገርም ይሄ ወግ አልቀረም። አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም ሰው ንጋት ላይ በር ላይ ተሰብስቦ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ለምንድን ነው እንዲህ የሚደረገው? ሰው ከባድ ነገር ሲሰማ የት እንዳለ፣ ማን አጠገቡ እንዳለ፣ እጁ ላይ ምን እንዳለ ስለሚያሳስበን ነው። ብቻውን ሆኖ መንገድ ላይ እንዳይሰማ እንጠነቀቃለን። ያንን ጥንቃቄ ለሞት ወሬ ብቻ ነው ያስቀመጥነው። «ወንድምህ ሥራውን ለቀቀ»፣ «ባለቤቱ ቤቱን ልቀቁ አለ» የሚለውን ግን ሰውየው 66 ላይ ይሁን ሶፋው ላይ ሳንጠይቅ እንናገራለን።

ከእናቴ ጋር ያደረግነው ስምምነት ቀላል ነው። ስትደውል መጀመሪያ የምትለው «መኪና ላይ ነህ?» ነው። «አዎ እማዬ» ካልኳት «በል ስትቆም» ብላ ትዘጋለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። መጀመሪያ ላይ ከብዷት ነበር። ልጅ ድምፁን አሰምቶ መዝጋት እንደ ማኩረፍ ነው የሚሰማት። ስለዚያ የሚዙሪ ልጅ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ከእኔ በላይ ጥብቅ ሆነች። እህቴን ሁሉ «እየነዳ ነው፣ ተይው!» ትላታለች።

አዲስ አበባም ያለው ነገር ከዚህ አይርቅም። እዚያም ሕጉ አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2003 የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 እየነዱ ስልክ ማውራትን ጥፋት አድርጎታል። ትራፊኩ ሲያይ ይቀጣል። ግን የሚደውለው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። በአፕ የሚሠራ ታክሲ ጠርታችሁ ከሆነ እናንተ ናችሁ። ካርታው ያለንበትን በትክክል አያሳይም። የቤት ቁጥር አይረዳም። ስለዚህ «ወንድም፣ የት ደረስክ? ከማደያው በላይ ነው፣ ፋርማሲው ጋ፣ ሰማያዊው በር!» እያልን ሹፌሩን አደባባይ መሃል እንመራዋለን። እሱ በትከሻውና በጆሮው መካከል ስልኩን ሰክቶ ይዞራል። አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር ኋላ ወንበር ተቀምጬ ይሄን አያለሁ፤ ሹፌሩ የሚቀጥለውን ደንበኛ እያናገረ ነው። ልቆጣው አልችልም። ሥራው ነው። ደንበኛው ግን መኪናውን ሲጠራ ምልክቱን አብሮ በጽሑፍ ቢልክ ሹፌሩ ከመነሳቱ በፊት አንብቦት ይነሳ ነበር።

በ2022 አሜሪካ ውስጥ ሐሳባቸው በተበታተነ ሹፌሮች ምክንያት 3,308 ሰው ሞቷል ተብሎ ተመዝግቧል። ስልክ ብቻ አይደለም፤ መብላቱም ሬዲዮ መነካካቱም እዚያ ውስጥ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ከአደጋ በኋላ «ስልክ ላይ ነበርኩ» የሚል ሰው ስለማይገኝ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። እኔም አምናለሁ። ከመኪናዬ መስኮት በየቀኑ የማየው ነገር ከዚያ ቁጥር ጋር አይመጣጠንም።

«አስቸኳይ ቢሆንስ?» የሚለኝ አለ። አስቸኳይ ከሆነ ይበልጥ ማቆም አለበት። ሆስፒታል የገባ ሰው ካለ፣ ሹፌሩ ወሬውን ሰምቶ በዚያው ፍጥነት እንዲነዳ ማድረግ ሁለተኛ በሽተኛ መፍጠር ነው። «ስትቆም ደውልልኝ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው፤ ስልኩ መስቀያው ላይ ሆኖ ያነብለታል። ነዳጅ ማደያ አለ፣ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ አለ። መኪናውን በሥርዓቱ አቁሞ ስልኩን በእጁ ይዞ እንደልቡ ማውራት ይችላል። ቨርጂኒያም፣ ዲሲም፣ ሜሪላንድም ለዚህ አይቀጡም።